እማዬ በመዳፏ የምትሰማው ሳጥን

ወደ ጀርመን የወጣሁ ማታ ገላን ኮንዶሚኒየም እንደ ልማዱ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ አራተኛ ፎቅ በር ላይ ስቆም እማዬ «ሳጥኗንስ?» አለችኝ። ሳጥኗ የምትላት ትንሿን የቤዝ ጊታሬን ድምፅ ማጉያ፣ አምፗን ነው። አፌን እንድታነብ የስልኬን መብራት ፊቴ ላይ እያበራሁ «ያንቺ ናት፣ ትቼልሻለሁ» አልኳት።

የእማዬን ጆሮ የፋብሪካ ሽመና ማሽን ወስዶባታል። ልጇ ደግሞ ቤዝ ተጫዋች፤ መቼም እግዜር ሲቀልድ! የድሮው አምፔ ፍሪጅ የሚያህል ነበር። ሊፍት በሌለው ደረጃ ለማውጣት ሁለት ጎረቤት ይለመናል፣ ሦስተኛው ጎረቤት ላይ ሆኖ ሊጣላን ይጠብቀናል። ትንሿን ስገዛ ወገቤ ዳነ። እንደ ምሳ ዕቃ አንጠልጥያት እወጣለሁ፤ የቃሊቲ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ትቀመጣለች። ግን አትናቋት፣ ጀሪካን የማታህል ሆና ወለል ታንቀጠቅጣለች። አንድ ቀን እየተጫወትኩ እማዬ አቧራ ልትጠርግ መዳፏን ብታሳርፍባት ድርቅ ብላ ቀረች። «ይቺንስ እሰማታለሁ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ስጫወት እጇን ጭናባት ትቀመጣለች። ሲያልቅ በጣቷ ሁለቴ ታንኳኳለች፣ ቆየት ብላ ደግሞ አንዴ። «ሁለቱ ላንተ፣ አንዷ ለእግዜር» ትላለች።

ፍራንክፈርት ሰማዩ የክረምት ቃሊቲን ይመስላል፣ ጭቃው ብቻ የለም። አከራዬ ፍራው ቦልተ ገና ስገባ ጊታሬን አየችው።

«እዚህ ሩሄትሳይት አለ። የጸጥታ ሰዓት።»

«በሄድፎን ነው የምጫወተው፣ ምንም አይሰማም።»

«ባይሰማም በጸጥታ ሰዓት ክልክል ነው።»

ለሰርግም ለለቅሶም መንገድ ዘግተን ድንኳን የምንተክል ሰዎች ይህን እንዴት እንቻለው?

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። እህቴ ጽጌ ስልኩን በሽቦ ከሳጥኗ ጋር ታገናኘዋለች። እኔ ከዚህ እጫወታለሁ፣ እማዬ እዚያ በመዳፏ ትሰማለች። ከዚያ ኳ ኳ። ቆይቶ፣ ኳ።

ፍልሰታ እንደተፈታ ጽጌ «እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ቪዲዮው ይቅርብን» አለችኝ። ተጫወትኩላት። ኳ ኳ አለ። ሦስተኛዋ ከወትሮው ዘገየች፣ ከሌላ ክፍል የመጣች ትመስል ነበር። ብቻ መጣች፤ ልቤም ረጋ። እንዲህ እያልን መስቀል አለፈ።

አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ግርማ ናቸው፣ ከኋላቸው የአገር ልጆች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አበሻ በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

«አይዞህ ልጄ። እናትህ አርፈዋል» አሉኝ።

«መቼ?»

«በፍልሰታ ፍቺ ማግስት። ሰው አጠገብህ ሳይኖር መርዶ በስልክ አይነገርም ተብሎ ነው።»

ጮህኩ። ፍራው ቦልተ ከታች ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች።

«ምን ሆና ነው ሴትዮዋ?» አሉ ጋሽ ግርማ።

«ሩሄትሳይት ነው እያለች ነው።»

ወዲያው ወደ ጽጌ ደወልኩ። «እስካሁን ማን ነበር የሚያንኳኳው?»

ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። «እኔ ነኝ። እንዳትጠረጥር ብዬ፣ ከለቀስተኛ ተደብቄ በር ዘግቼ።»

«ሦስቱንም?»

«ሁለቱን ብቻ። የእግዜርን አልደፈርኩም። እሷ የእማዬ ናት።»

«ጽጌ፣ እኔ ሁልጊዜ ሦስት ነው የሰማሁት።»

ሌላ ሳትናገር ጠየቅኋት።

«ሳጥኗ የት ናት?»

«እማዬ አልጋ አጠገብ።»

«ስልኩን ላይዋ አድርጊና ሁለቴ ምቺልኝ።»

መታች። ኳ ኳ። ጋሽ ግርማና ሰዎቹ ቆመው እያዩኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሦስተኛዋን ጠበቅሁ። ጽጌም ገላን ላይ ሆና ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች።