በመስታወቱ ላይ የታየው ጀሪካን

የባለቤቴን ክኒን ከትራሱ ሥር ያነሳሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም... አሁንም የማወጣው በዓሣ ምክንያት ነው።

ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። ደባርቅ ጉም ወርዶባት ማዶ ያለው ቤት እንኳ አይታይም። እኔ ስልኬን ይዤ ከልጄ የዓሣ ሣጥን ፊት ተቀምጫለሁ።

ልጄ እታገኝ ጎንደር ታስተምራለች። የተከራየችው ክፍል ሲጠባት ዓሦቿን ከነመስታወት ሣጥናቸው እኔ ዘንድ አኖረቻቸው። ሲክሊድ ትላቸዋለች፤ ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ ነው። ሰማያዊ አሉ፣ ብርቱካናማ አሉ፣ አንዲት እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነች አለች። የሞቀ አገር ፍጥረት ስለሆኑ የእኛን ብርድ የሚችሉት ውኃው ውስጥ በተነከረ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑን ጋቢ አለብሰዋለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ ይህን ባየች ቁጥር «የኔን ጉልበት እንኳ እንዲህ ያለበሰው የለም» ትላለች።

በየእሑዱ ፎቷቸውን አንሥቼ ለእታገኝ እልካለሁ። አነሣሡን ያስተማረችኝ እሷ ናት። መስታወቱን ወልውዪ፣ የስልኩን ብልጭታ አጥፊ፣ የቤቱን አምፖል አጥፊ፣ ጥቁር ልበሺ። «ጥቁር ከለበስሽ መስታወቱ አንቺን መልሶ አያሳይም» አለችኝ። አባቷ ካረፈ ወዲህ ጥቁር አውልቄ አላውቅም... ለዚህ ሥራ ሌላ ልብስ አላስፈለገኝም።

ፍልሰታ ሲገባ ቢጫዋ ምግብ ተወች። ጉሮሮዋ አብጦ፣ አፏን ገጥማ ከድንጋዩ ሥር ተወሸቀች። እንዳትጨነቅ ብዬ ለእታገኝ አልነገርኋትም። እትዬ ጥሩ መጥታ አጎንብሳ አየቻት።

«እንቅርት ነው» አለች።

«ዓሣ እንቅርት ያወጣል እንዴ?»

«የዚህን ተራራ ውኃ የጠጣ ሁሉ ያወጣል፤ እሷን ማን ለያት? ወይ ደግሞ ፍልሰታን እየጾመች ይሆናል። አንቺ ቤት ከርማ መጾሟ ምን ይገርማል።»

እሷ ሳቀች። እኔ ግን የዓሣዋን ጉሮሮ እያየሁ ሰነበትሁ።

ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጠበል ቀድቼ መጣሁ። የጠበሉ ጀሪካን ቢጫ ነው፤ ከወጥ ቤቱ ጀሪካን ጋር እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ለታመመ ከብት ይረጫል፣ ለዓሣ ምን ይከለክለዋል አልሁ። ማሞቂያውን ከሶኬቱ ነቀልሁ። ጠበሉን ገለበጥሁት።

ጀሪካኑን ሳላስቀምጥ ፎቶ አነሣሁ። ቢጫዋ ከድንጋዩ ሥር ወጥታ አፏን ገርበብ አድርጋ ነበር። ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። ላክሁት። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጠራ።

«እማዬ፣ ቢጫዋ እኮ ልጆች ይዛለች» አለች እታገኝ። ደስታ ከድምጿ ይሰማል። «እነዚህ እንቁላላቸውን የሚያቅፉት በአፋቸው ነው። ልጆቹ እስኪጠነክሩ ድረስ እናትየዋ ምግብ አትቀምስም። አጉልተሽ እዪው፣ ዓይናቸው ይታያል።»

አጎላሁት። ከከንፈሯ ኋላ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች... ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ።

«ግን እማዬ፣ የማሞቂያው ቀይ መብራት አልበራም። መብራት የለም?»

«አለ።»

«መስታወቱ ላይ ደግሞ የሆነ ቢጫ ነገር ይታየኛል። እጀታው ላይ ክር...» አለች። «የጠበሉ ጀሪካን ነው።»

ጥቁሩ ልብሴ እኔን ደብቆኛል። ጀሪካኑን አልደበቀውም።

«ማሞቂያውን ለምን ነቀልሽው?»

«ጠበል ከሌላ ነገር ጋር አይሆንም ብዬ...»

ምን እንዳልሁ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ባለቤቴ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ዘብ፣ ሳንቃ በር ላይ ስካውት ነበር። ልቡን ሲታመም እታገኝ ጎንደር ተማሪ ነበረችና ክኒኑን እየገዛች በሚኒባስ ትልክለት ነበር። ጠበል ባስጀመርሁት ጊዜ ካህኑ «ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው፤ ክኒኑንም ይዋጥ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን እምነቴ ጎደሎ እንዳይባል ፈራሁ። ፊደል የለየሁት እሱ ተራራ ላይ ሲያድር፣ ብቻዬን ነው። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ በእስክሪብቶ «ሳያቋርጡ ይውሰዱ» ተብሎ የተጻፈውን አንብቤዋለሁ። አንብቤው ነው ያነሳሁት። እሱ ሲጠይቀኝ «አልቋል» አልሁት።

በለቅሶው እታገኝ «ተሳስቼ ሌላ ክኒን ልኬለት ይሆን?» እያለች ደረቷን ስትመታ፣ ከጎኗ ተቀምጬ አልመለስሁላትም። ዛሬም መድኃኒት ቤት ስትገባ የሰጧትን ደጋግማ ታስነብባለች።

እታገኝ ገና ስልኩ ላይ ናት።

«የአባባን ክኒንስ?» አለች።

አፌን መክፈት አቃተኝ።

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

ማሞቂያውን መልሼ ሰካሁ። ውኃው ግን ቀዝቅዟል። ቢጫዋ ተንቀጠቀጠችና አፏን ከፈተች... ልጆቿ እንደ ጤፍ ተበተኑ። ሰማያዊዎቹ ለቀሟቸው። እጄን ከትቼ ላባርራቸው ሞከርሁ፤ ዓሣ እንደ ዶሮ አይባረርም።

አመሻሹ ላይ ምግብ ስበትን ቀድማ የመጣችው ቢጫዋ ናት። እትዬ ጥሩ ጉሮሮዋን አይታ «አየሽ፣ ጠበሉ ሠራ» አለችኝ።

እታገኝ እስካሁን አልደወለችም። ይህ ጽሑፍ ከእናንተ በፊት የሚደርሰው ለእሷ ነው።

እታገኝ፣ ልጄ... የላክሽው ክኒን ትክክለኛው ነበር።