ረጅሙ ሰላምታ

ሽማግሌው ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚያወጣውን ዳገት ሲወጡ ያገኙትን ሁሉ አቁመው ሰላም ይላሉ። «ልጆቹስ? ከብቱስ? ገብሱስ እንዴት ያዘ?» ሰው ጨዋነታቸውን ያደንቃል። እሳቸው ግን መልሱን አይሰሙም፤ ሰውየው ሲያወራ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ሐኪም ያዘዘላቸውን፣ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገውታል፤ በሰው ፊት ከሚስቡት መታፈን ይቀላቸዋል።

ዛሬ ከጉና ድንች ጭና የመጣች ሴት አቆሙ። «በጎቹስ?» ሲሉ ደረታቸው ሲር አለ። እጃቸው ጋቢው ውስጥ ገብቶ መድኃኒቱን ያዘ፤ ሴትዮዋ ስታያቸው ግን ባዶውን ወጣ።

«ሟች አባቴም እንዲሁ ይሸሽጉ ነበር» አለችና ጀርባዋን ሰጠቻቸው። «የበጎቹ ወሬ ረጅም ነው፤ እስክጨርስ ይሳቡ።»

ፊታቸው በኀፍረት ጋለ። አውጥተው ሳቡ። ከዚያም በዚያ ዳገት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው መልስ እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ በጎቹ በውርጭ አልቀው ነበር።