ቁጥር አሥራ አራትን ያወቅሁት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። ጾም መሻሬን፣ ቁጣዬን ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህችን ግን በየዓመቱ እየዘለልሁ አለፍሁ። ልጆቼን ወሬ አመላለሳችሁ ብዬ በአለንጋ የገረፍሁ ሰው ነኝ። አንተ የምታነብ፣ እንዲህ ያለውን አባት ምን ትለዋለህ?

ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉንም የሕጉንም ቋንቋ ብቻዬን ነው የለቀምሁት። ሞባይል ሲበዛ ደንበኛዬ ሳሳ። በዚያው ሰሞን አንዲት መምህርት ለጥናት መጣች። ገበሬው ስለ ቀበሌው አስተዳደር ምን ይላል፣ ስልክስ ኑሮውንና ሥራውን እንዴት ለወጠው እያለች ትጠይቃለች። ተጠራጠርኋት። የሰውን ሹክሹክታ ለቅማ ለማን ልታደርሰው ነው? ቢሆንም በስልኳ የቀዳችውን ድምፅ ወደ ወረቀት እንድገለብጥላት ስትቀጥረኝ እሺ አልሁ። የተናጋሪው ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ። ምስጢር ልጠብቅ ፈረምሁ።

ቁጥር አሥራ አራት ሲናገር ከኋላው ወፍጮ ይጮህ ስለ ነበር ድምፁን አልለየሁትም። ያወቅሁት በአቤቱታው ነው። ስለ ተወሰደበት የግጦሽ መሬት ሦስት ጊዜ ማመልከቻ የጻፍሁለት አለልኝ የተባለው ገበሬ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር መሬቱን ለዘመዱ እንደ ሰጠው ተናገረ። ይህን ብቻ ቢል ዝም ባልሁ። ቀጠለና ሳቀ፦ «አሁንማ ልጄ ስመኝ አቤቱታዬን በስልክ ለወረዳ ትልክልኛለች። ያ የከተማው ማመልከቻ ጸሐፊ ነገሬን ሲያሳምረው የኔ መሆኑ ይቀራል።»

ደጋግሜ ሰማሁት። በማግስቱ ሄጄ ለሊቀ መንበሩ ነገርሁ። እኔ ነኝ የነገርሁት። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

በዚያ ክረምት የአለልኝ ስም ከማዳበሪያው ዝርዝር ተሰረዘ። ሊቀ መንበሩም አለልኝ ለመምህርቷ የተናገረውን ቃል በቃል መልሶ ነገረው። ገበሬዎቹ መምህርቷን ጠረጠሩ፤ ደጃቸውን ዘጉባት። ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«አባባ፣ በማን በኩል ወጣ?»

«በስልኩ ነዋ! ማሽን ደግሞ ይታመናል?»

አመነችኝ። ጥናቷን አቋርጣ ሄደች። አለልኝም ነገሩ በስልክ ወጣ ሲባል ሰምቶ ስልኩን ከስመኝ እጅ ነጥቆ ሰበረው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«አያ በላይ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን ትቼ በስልክ መተማመኔ ጉድ ሠራኝ። ይጻፉልኝ።»

እሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ! እኔስ? እስክሪብቶዬን አነሣሁ። «ቃሌን አውጥቶ ለሊቀ መንበሩ ያደረሰው ሰው ተጣርቶ ይታወቅልኝ» ብዬ ጻፍሁለት። አሳምሬ ጻፍሁት። ከግርጌውም እንደ ልማዴ በጸሐፊነት ስሜን አኖርሁ።

ዓመታት አለፉ፤ መልስ አልመጣለትም። መልሱ ይህ ነው። ሥራዬ ስለ ቀዘቀዘ ነው፣ ስለ ተናቅሁ ነው አልልም፤ ብዙ ሰው ሥራው ቀዝቅዞበት፣ ተንቆም ሰው አልሸጠም። ይህን ወረቀት ለስመኝ እሰጣታለሁ፤ ለአባቷ እሷ ታንብብለት። አላሳመርሁትም።