የሁለተኛዋ እናቴ ለቅሶ

ግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየችኝ ከኤርትራ ተሰዳ፣ አሮጊት እናቷን ይዛ አሰላ የገባች ሴት ናት። ሰፈሩ ስሟን እያወቀ «መጤዋ» ይላታል። ቦኖ ላይ ጀሪካኗን በእግራቸው ገፍተው ከሰልፍ ያወጡባታል። ኪራይ የተወደደው በእሷ፣ ጤፍ የተወደደው በእሷ። ዝናብ የዘገየውም በእሷ ነው ለማለት ምንም አልቀራቸውም። ስቆጣ «ማን መታት?» ይሉኛል። የዱላ ሰምበር እኮ ይሽራል። እሷ ግን ሰው ፈርታ ቦኖ የምትወርደው ሰልፉ ሲበተን ሆነ፤ አንዳንዴም ባዶ ጀሪካን ይዛ ትመለሳለች።

እናቷ በክረምቱ ብርድ ስታስል ከርማ አንድ ማለዳ አረፈች። ልጅቷ አላለቀሰችም። «ማን ይቀብርልኛል?» ብቻ አለችኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ የእድራችን ዳኛ ቤት ሄድኩ።

ጋሼ ብዬ የማከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። በራቸው ላይ እንደቆሙ «አባል አይደለችም። ድንኳኑም ጡሩምባውም ለአባል ነው። ደግሞስ ለመጤ ማን ይወጣል?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። የእሳቸውም የእኔም ቅድመ አያቶች ከሸዋ መጥተው ነው እዚህ የሰፈሩት፤ በዚያችው ቃል ስንቴ ተሰድበናል። ሰው የቆሰለበትን ድንጋይ አንስቶ ሌላውን ይወግርበታል?

«የአባል እናት ስትሞትስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እሱማ ደንብ ነው።»

«እንግዲያው እናቴ ሞታለች። ጡሩምባው ይነፋልኝ።»

«እናትሽን እኮ እኔው ራሴ ቀብሬያታለሁ።»

«ይችኛዋን ደግሞ ዛሬ ይቀብሩልኛል። እምቢ ካሉ እኔ ስሞት ድንኳናችሁ ደጄ እንዳይደርስ። ምክንያቱን ከዛሬ ጀምሬ በየቤቱ እየዞርኩ እናገራለሁ።»

ጋሼ ጡሩምባ ነፊውን አስጠሩ። በአማርኛም በኦሮምኛም የእኔ እናት መሞቷን ሲለፍፍ ሰፈሩ ግራ ተጋባ። ቢሆንም ለቅሶ የቀረ በራሱ ለቅሶ ሰው ያጣልና በዚያ ጭቃ ሁሉም ወጣ። አሮጊቷ በወግ ተቀበረች።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። ያቺ ቦኖ ላይ ጀሪካን የምትገፋው ጎረቤቴ መጥታ እጄን ያዘች።

«እግዜር ያጽናሽ» አለችኝ።

እጄን አስለቀቅኩና አጠገቤ ወደተቀመጠችው ልጅ አመለከትኩ። «እሷን በያት። ደግሞ በስሟ ጥሪያት።»

ጎረቤቴ አየችኝ፤ ዓይኔን አልነቀልኩም። ቆይታ ጎንበስ አለችና ስሟን ጠራቻት።

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።