ግራ ዓይኗ

«አንቺ ልጅ፣ እሳት ላይ ተረስቶ እንደሚፈናጠር ሽሮ ነሽ። እንኳን ፈረስ፣ አህያም አይጠጋሽ።»

ይህን ፊት ለፊት ያሉኝ የእናቴ አጎት ናቸው፤ እኔ «አያ» እላቸዋለሁ። ሲናገሩኝ ገብስ ማሳው ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ነበር። የአንዲት ዳማ ባዝራ ገመድ ይዤ ጎትቻት፣ እሷም መልሳ ጎትታኝ፣ ማሳው ውስጥ ዘርራኝ ሄዳለች።

የአያ ቤት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ግቢው በድንጋይ ካብ ታጥሯል። በጉልምስናቸው ጊዜ የሙሽራ ፈረስ የሚገራው እሳቸው ዘንድ ነበር ይባላል። አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ከቤት እስከ ካቡ ለመድረስ ሦስቴ ያርፋሉ። ይቀመጡባት የነበረችው ፈረስ ክረምት ላይ ሞታለች፤ የቀረችው ልጇ ይህች ዳማ ናት። ሰው ተቀምጦባት አያውቅም።

ልጃቸው ቁርጡን ተናግሯል። «አባቴ፣ ገብስ የምትበላው ልናያት አይደለም። ለከተራ አንቱን ተሸክማ ታቦቱን ካልሸኘች፣ ከጥምቀት በኋላ ለባለጋሪ እሰጣታለሁ።» ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ገብሱ ለእኛም አልበቃም።

እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ባሕር ዳር ያለችው እህቴ ሥራ እስክታገኝልኝ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። እናቴ «እቤት ውስጥ ስትሽከረከሪ ከምትውይ ሄደሽ አጎቴን እርጂ» ብላ ላከችኝ። እንግዲህ የዳማዋ ዕጣ እኔ እጅ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ የታዘዝኩት ሥራ መቀመጥ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ለመቀመጫ ዱካ ይዤ ከዳማዋ ጋር በረት ውስጥ ተቀመጥኩ።

«ምን ልሥራ ታዲያ?»

«ተቀመጪ። ዓይን ዓይኗን አትዪ። ፈረስን ዓይን ዓይኗን የሚያያት ጅብ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ተማሪት፣ ጅቡ አንቺ እንዳልሆንሽ እስኪገባት።»

በንዴት ጭድ ስቆጥር ዋልኩ። በአራተኛው ቀን አንድ የሞቀ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ አረፈ። ጠዋት ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ነበርና አሸተተችኝ። አልተነቃነቅኩም። በሕይወቴ ያን ያህል ጊዜ ሳልነቃነቅ የቆየሁ አይመስለኝም።

ከዚያ ወደ ገመዱ ሄድን። አያ ካቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ እኔና ዳማዋ ከታች እንዞራለን። ስትቆም እቆማለሁ፤ ስትሄድ እሄዳለሁ። «ገመዱ ይላላ። የጠበቀ ገመድ ጠብ ነው» ይሉኛል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን ኮቴዋን ብቻ ሰምተው «ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፤ ፋታ ስጫት» ሲሉ፣ ዞር ብዬ ሳይ እውነትም ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኝቷል። አንድም ቀን ሲጮኹባት አልሰማሁም። እኔ ላይ ነበር የሚጮኹት። ትምህርት ቤት ሳለሁ እንደሳቸው የሚያስተምር ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ወር ሳይሞላን ያለ ገመድ ትከተለኝ ጀመር። ጀርባዋን በማዳበሪያ ከረጢት አሸኋት፤ ዝም አለች። ከተራ አሥር ቀን ሲቀረው ኮርቻውን ጫንኩባት፤ እሱንም ዝም አለች። በሆዷ ሥር ያለውን ጠፍር ለማጥበቅ ከኋላዋ ዞሬ በግራ ጎኗ ብቅ ስል ግን የማላውቃት ፈረስ ሆነች። ኮርቻው ካቡ ላይ ተከሰከሰ። እኔ ጭኔ ተልጦ መሬት ላይ ነኝ።

ልጃቸው በር ላይ ቆሞ አይቷል። «ለባለጋሪው ልላክበት» አለና ገባ።

አያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ከዚያ «ገብስ በየትኛው እጅሽ ነው የምትሰጫት?» አሉኝ።

«በቀኜ ነዋ። በግራ ይሰጣል እንዴ?»

«ገመዱንስ?»

«ቀኜ ገብስ ይዞ! በግራዬ ነዋ።»

አያ መሣቅ ጀመሩ፤ ሣቁ ወደ ሳል ሄደ። «እናትሽ አሳምራ ነው ያሳደገችሽ። በግራሽ ስለያዝሻት ወር ሙሉ በቀኟ ብቻ ነው የሄድሽው። ቀኝ ዓይኗ አንቺን ያውቃል፤ ግራ ዓይኗ ግን አንቺን ያየው ዛሬ ገና ነው። ሁለት ፈረስ ናቸው እኮ፣ አንዷን ብቻ ገርተሽ መጣሽ።»

«አሁን ምን ይሁን?»

«በግራሽ ስጫት።»

«ነውር አይደለም?»

«ነውሩ ለሰው ነው። ፈረስ ምኗም አይደል።»

በማግስቱ ዱካዬን በግራዋ በኩል አስቀምጬ እንደገና ተቀመጥኩ። በግራ እጄ ገብስ ስዘረጋላት ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር አልኩ፤ ሲያናድደኝም፣ ሲያስቀኝም። እሷ ግን የዚያችን ዕለት ቂም አልያዘችብኝም። እኔ ብሆን እይዝ ነበር። ግራ ዓይኗ ትልቅ፣ ውኃ የመሰለ፣ እኔን ከእግር እስከ ራሴ የያዘ ዓይን ነው። ስድስት ቀን ፈጀባት። በሰባተኛው ጠፍሩን በግራዋ ቆሜ አጠበቅኩ፤ ገብሷን ማኘክ እንኳ አላቋረጠችም።

የከተራ ዕለት ከቀትር በኋላ አያ ነጭ ለብሰው ከካቡ ላይ ወደ ኮርቻው ተሻገሩ። ዳማዋ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው የነገራት ሰው ያለ ይመስል፣ እግራቸው እርካቡን እስኪያገኝ እንደ ዓምድ ቆመች። ልጃቸው አፉን ይዞ ያያል። ታቦቱ የሚወጣበት የደወል ድምፅ ይሰማል።

አያ ወደ በሩ መሯት። እሷ ወደ እኔ መጣች። እንደገና መሯት፤ እንደገና መጥታ አፍንጫዋን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

«ይኸው፤ ይህች ከሌለች አትሄድም» አለ ልጃቸው።

አያ ከላይ አዩኝ። «ባሕር ዳር የምትሄጂው መቼ ነው?»

«ጥምቀትን ውዬ ነው።»

«ዛሬ ሂጂ። አንቺን እያየች እኔን አትሰማም።»

ቤት ገብቼ ቦርሳዬን አነሳሁ። ስወጣ በግራዋ በኩል አለፍኩ፤ አልነካኋትም። ከካቡ ጀርባ ስደርስ ቆም ብዬ አዳመጥኩ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ኮቴዋ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ እኩል፣ ወደ ደወሉ የሚሄድ።

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካክዬ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ።