ለእንግዳ የማይነሳ እግር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ከማርሳቢት በኩል ወደ እኛ ሞያሌ የሚመጣው አስፋልት ገና እየተሠራ ነበር፤ እንግዲህ ከዚያ ገምቱት። እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ቡቲዬ በሞተር ስመለስ ፍየል ገባችብንና ወደቅን። ነጂው ተነሳ፣ ፍየሏም ተነሳች፣ እኔ ቀረሁ። ቀኝ ቅልጥሜ ተሰብሮ ነበር።

ሶሎሎ ሆስፒታል ወስደው ጀሶ አሰሩልኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን መርገጫ የማንቀሳቅሰው በዚያው በቀኝ እግሬ ነው። ሚስቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ጧሪዬ ያ እግር ብቻ ነበር።

ሕመሙ እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። አንድ ባለሱቅ ወዳጄ አዘነልኝና ዲክሎፌናክ የሚሉትን የሕመም ማስታገሻ ክኒን ይዞልኝ መጣ።

"ዋጥ አድርጋት፣ ትረሳዋለህ።"

እውነቱን ነው፤ ረሳሁት። ጉዱም ከዚያ መጣ። ሞያሌ ሰው ታሞ ብቻውን አይተውም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ጠያቂ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሲገባ ቁጭ ብዬ መቀበል አልተማርኩም። "ኖር!" ብዬ ብድግ እላለሁ። "ኧረ በእግዜር!" ይሉኛል፣ እቀመጣለሁ። ሌላው ይገባል። ካላመመኝ ምን ያግደኛል!

ለሐኪም ቤቱ ቀጠሮ ቦረናዋ ጎረቤቴ፣ ወተት የምትሸጠው፣ አብራኝ ሄደች። ሐኪሙም የአገሩ ልጅ ነውና በኦሮምኛ ነበር የምናወራው። ራጁን ወደ ብርሃን ይዞ ቆየ።

"አባቴ፣ ምን ሲሠሩ ከረሙ?"

"ምን እሠራለሁ፣ ተኝቼ ነው እንጂ።"

"እግርዎ አልተኛም። አጥንቱ ከቦታው ሸሸት ብሏል።"

ጎረቤቴ አላስቻላትም። "ይዋሻል! ለመጣው ሁሉ እንደ ወታደር ይነሳል!" ክኒኑንም አውጥታ አሳየችው።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ያ ክኒን የአጥንቱን መግጠም ሊያዘገይ ይችላል፣ በእኔ ዕድሜ ለጨጓራና ለኩላሊትም ጥሩ አይደለም ብሎ አስተወኝ። በምትኩ ፓራሲታሞል ሰጠኝ፤ ከታዘዘው እንዳላልፍ፣ እግሬንም ትራስ ላይ ከፍ አድርጌ እንዳሳርፍ ነገረኝ። ሕመሙ ከባሰ ወይም ጣቶቼ ከደነዘዙ ሳልውል ሳላድር እንድመለስ አስጠነቀቀኝ።

"እንዲያርፉ ያህል እናስታግስልዎታለን፤ መሰበርዎን እስኪረሱ ግን አይደለም" አለኝ ጀሶውን እያስተካከለ። "ዳግመኛ ከሸሸ ናይሮቢ ሄደው አጥንቱን በቀዶ ሕክምና በብረት ማሳሰር ነው።"

እስከ ቤቴ ድረስ መርገጫውን ነበር የማስበው።

በማግስቱ ጎረቤቴ የወተት ጀሪካኗንና በርጩማዋን ይዛ መጥታ ደጄ ላይ ተቀመጠች። ገበያዋንም እዚያው አደረገችው። "እሱ አይነሳም! ቅር የሚለው ካለ ከዚሁ ይመለስ" ትላለች ለመጣው ሁሉ። ሰው እየሳቀ ይገባል።

የከበደኝ የንስሐ አባቴ የመጡ ዕለት ነው። መስቀላቸውን ሳይ ሰውነቴ ሳላዘው ተነሳ። እሷ ከኋላቸው ገብታ ትከሻዬን ተጫነችው።

"ጃርሳ፣ ቁጭ!" ሽማግሌ ማለቷ ነው።

ሀፍረት በላብ አጠመቀኝ። አባም እሷን አዩ፣ እግሬን አዩ።

"የምትልህን ስማ" አሉና ጎንበስ ብለው መስቀሉን አወረዱልኝ። ተቀምጬ ተሳለምኩ።

እግሬ ያመኝ ነበር፤ ግን የሚቻል ሕመም ነው። በቀጣዩ ራጅ አጥንቱ ንቅንቅ አላለም፤ መግጠም ጀምሯል አሉኝ። ጀሶው ሲፈታ እግሬ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ነበር፤ ቀስ እያልኩ ወደ መርገጫዬ ተመለስኩ። ማን አዳነህ ለሚለኝ፣ ሐኪሙን እግዜር ይስጠው እላለሁ፤ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ደጄ ላይ ተቀምጣ እኔን ያስቀመጠችኝ ያቺ ወተት ሻጭ ጎረቤቴ ናት።