በቀጥታ ስርጭት የመታሁት ሰው

አዳማ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት የሚተላለፍ አስቂኝ የሬዲዮ ፕሮግራም ነበረን። ሁለት ነበርን። ስለ ዘፈንና ስለ ድራማ የማወራው እኔ ነኝ፤ ስለ መኪና የሚያወሩት ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ባትላሜራ ሆነው የተጋጨ መኪና ሲያቃኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጆሯቸው ከመዶሻው ብዛት ግማሽ ደንቁሯል። በአማርኛ የጀመሩትን በኦሮምኛ ይጨርሱታል። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ አድማጩም ጋሼ ይላቸዋል።

ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ይደውላል። ጋሼ ጥቂት ጥያቄ ጠይቀው መኪናውን እንዳዩት ሆነው ጉዱን ያወጡታል። እኔ ደግሞ መኪናውን በዚያ ሳምንት ሰው አፍ ላይ ካለ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ጋር አዛምዳለሁ።

«አንድ እጅ ነው፣ ዶክተር ነው ሲነዳው የነበረው» ይላል ደዋዩ።

«እዚህ አገር ያለ ዶክተር ሁሉ ሥራውን ትቶ ሲነዳ ቢውል፣ የዶክተር ነው የሚባለውን መኪና አይጨርሰውም» ይላሉ ጋሼ።

«ኪሎ ሜትሩም ስድሳ ሺህ ብቻ ነው።»

«ይሄማ የዘፋኞቻችን በሽታ ነው፤ ልደት ባከበሩ ቁጥር ዕድሜያቸው ይቀንሳል» እላለሁ እኔ።

ባጃጅ ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ እንደመጥ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እኛ ቤት እጅ አይነሳም። እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ ድረስ ሰው መትቼ አላውቅም፤ ልጅ ሆኜም ሲመቱኝ የምሮጥ ነበርኩ። ይህን የምናገረው ራሴን ለማንጻት አይደለም። ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኔም እንግዳ ስለነበረ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከባቱ የመጣች ሴት ደወለች። ባልና ሚስት ሆነው ከባቱ ሻሸመኔ የሚሠራ ሚኒባስ ሊገዙ አዳማ መጥተዋል። ወደ ሞጆ መውጫ ላይ ካለ መኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ ነጭ ሚኒባስ አጠገብ ቆማ ነበር የምትደውለው።

«ጋሼ፣ ምንጣፉን ገለጥ ሳደርገው ወለሉ ላይ ከበር እስከ በር የሚሄድ የብየዳ መስመር አለ። ምንድን ነው?»

ጋሼ ወደ ማይኩ ጎንበስ አሉ። 

«የኔ ልጅ፣ የበሩ ማጠፊያ ጋ ያለውን ቀለም በቁልፍ ፋቅ አድርጊው እስቲ።»

የቁልፉ ፍቅፍቅታ በሬዲዮ ተሰማ። «ከሥሩ ቀይ ነው» አለች።

«አትግዢ። አውቃታለሁ። አርሲ ነገሌ መውጫ ላይ ከከባድ መኪና ጋር የተላተመች ናት። ለሁለት ተቆርጣ ተጭና ስትመጣ በዓይኔ አይቻታለሁ። የሞተች መኪና ናት።»

እሳቸው ይህን በቁም ነገር ነበር ያሉት። ቀልዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ይሄ እኮ የማታው ድራማ ነው! ክፍል ሦስት ላይ የሞተው ሰውዬ ክፍል ሠላሳ ላይ ፂሙን ተላጭቶ በሌላ ስም ይመጣል!» አልኩ። የድምፅ ባለሙያው ከመስተዋቱ ጀርባ የለቅሶ ድምፅ ለቀቀልኝ። እኔም ደረቴን እየደለቅኩ «ወይኔ ቀዩዋ! ወይኔ ቀዩዋ!» እያልኩ ሙሾ አወረድኩ። ስልኮቹ ሁሉ ጮሁ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ሙሾዬ እስከ ማክሰኞ ድረስ በከተማው ስልክ ሁሉ ዞረ። የባጃጅ ሾፌሮች ሲተላለፉ «ወይኔ ቀዩዋ» ይባባሉ ጀመር።

ረቡዕ ጠዋት ጋሼ በራፋቸው ላይ የቆመችውን አሮጌ መኪናቸውን መስታወቶቿ ሁሉ ረግፈው አገኟት። የሾፌሩ ወንበር ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ድንጋይ ተቀምጧል። ሐሙስ ዕለት ለእኔ ተደወለ። የጎልማሳ ድምፅ ነው፤ አይጮህም።

«ቅዳሜ በሬዲዮ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ። ካልጠየቃችሁ መጥቼ አፋችሁን እሰብረዋለሁ።»

ለጋሼ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ገበያ የተበላሸበት ሰው አነጋገር አይደለም። ሌላ ነገር አለው። ይቅርታ ጠይቀን እንለፈው።»

«ጋሼ፣ የፈረሰ መኪና ሊሸጥ የነበረው እሱ፣ ይቅርታ ጠያቂዎቹ እኛ?»

«ስለ መኪናዋ አይደለም የምልህ። ስለ ሙሾው ነው።»

አልሰማኋቸውም። እንዲያውም ቅዳሜ ፕሮግራሙ እንደተጀመረ የሰውየውን ድምፅ እያስመሰልኩ ዛቻውን አሰማሁ። ጋሼ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። አላቆምኩም።

ስቱዲዮአችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው። አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተከፈተ። ንጹሕ ኮት የለበሰ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ገባ። አንዱ ጆሮው ላይ የስልክ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ደረጃውን የወጣው እኛን እየሰማ ነው። በቀኝ እጁ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ የጎማ መፍቻ ይዟል። የድምፅ ባለሙያው ከመስተዋቱ ጀርባ ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አሳየኝ። አንዳንዴ ሳንነግረው ተዋናይ እየጋበዝን እናስቅ ስለነበር፣ ይሄም የእኔ ዝግጅት መስሎታል።

«ድገመው» አለኝ ሰውየው።

«ምኑን?»

«ሙሾውን።»

ማይኩ እንደበራ አስታወስኩ። ሳቅ አልኩና «አድማጮቻችን፣ እንግዳ መጥቶልናል» አልኩ።

ብረቱን ሲያነሳ አየሁት፤ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ጋሼ ናቸው ተነስተው በመካከል የገቡት። ለእኔ የመጣውን በክንዳቸው ተቀበሉት፤ የደረቅ እንጨት ስብራት ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሁለተኛው ምት አፋቸው ላይ አረፈ። ሁለት ጥርስ ወረቀታችን ላይ ወደቀ፣ ደሙ ስፖንጁ ላይ ተረጨ። ድምፅ ሳያወጡ ተንሸራተው ወንበራቸው ሥር ተቀመጡ።

የማይኬ መቆሚያ እግሩ ከባድ ብረት ነው። ከነሽቦው ነቅዬ ሰውየውን ጆሮ ግንዱ ላይ መታሁት። ብረቱን ጣለና በጉልበቱ ወደቀ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ እጁ ባዶ ነው። አላቆምኩም። ፊቱን መታሁት። መዳፉን ዘርግቶ ሊከላከል ሲል መዳፉን መታሁት፣ ጣቱ ወደ ኋላ ታጠፈ። ከዚያ ዓይኑን መታሁት። ክፍሉ ውስጥ የሆነ ሰው እያገሳ ነበር፤ ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ጋሼ በአንድ ደህና እጃቸው ወገቤን ይዘው እየተጎተቱ፣ ደም በሞላው አፋቸው በኦሮምኛም በአማርኛም «ዲሲ! ዲሲ! ተው፣ ገደልከው!» እያሉ ነበር።

የጋሼ ማይክ ክፍት ስለነበር ሁሉም ተላልፏል፤ የድምፅ ባለሙያው ስርጭቱን የቆረጠው ያኔ ነው። በኋላ እንደነገረኝ መስመሮቹ ሁሉ ተይዘው ነበር። የደወሉት ሁሉ ይስቃሉ። አንዷ «ዛሬስ ገደላችሁን!» ብላለች።

ጋሼና ሰውየው በአንድ አምቡላንስ ተወሰዱ። እኔ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው በዕድሜ የገፋ፣ ፕሮግራማችንን የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ቅጂውን ከፈተልኝ። የሚያገሳው እኔ ነበርኩ። ግን ማገሳት ብቻ አልነበረም። በምትና በምት መካከል፣ እየሳቅኩ፣ «ወይኔ ቀዩዋ! ወይኔ ቀዩዋ!» እያልኩ ነበር። ይህን ማለቴን ዛሬም ድረስ አላስታውስም። ድምፁ ግን የእኔ ነው።

መርማሪው ቅጂውን አቆመው። «ያቺን ቀይ ሚኒባስ ሲነዳ የሞተው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«የዚህ ሰውዬ ታናሽ ወንድም ነው።»

ጋሼም አያውቁም ነበር። እሳቸው ያዩት ብረቱን እንጂ ሬሳውን አይደለም።

በማግሥቱ በዋስ ስለቀቅ አባቴ ሊወስደኝ መጣ። ከጣቢያው በር እንደወጣን የሰውየው ዘመዶች ጠበቁን። አንዱ በድንጋይ ትከሻዬን አለኝ፣ ሌላው አንቆ ከአጥሩ ጋር አጋጨኝ። አባቴ መሃል ሲገባ በጥፊ መቱት፤ መነጽሩ አስፋልት ላይ ተሰበረ። አባቴ እጁን አላነሳም። ጎንበስ ብሎ የመነጽሩን ፍሬም አነሳና «ልጆቼ፣ ሐዘናችሁን አውቃለሁ። ይበቃል» አላቸው። እነሱም አፈሩ መሰለኝ ተበታተኑ።

ቤት ስንደርስ «ቅጂውን ሰማሁት» አለኝ። ሰው ስልኩ ላይ ልኮለት ነበር። «ሽማግሌውን ሊያድን መታ ቢሉኝ አልቆጣህም። ሰውየው ከወደቀ በኋላ ስላለው ነው የምጠይቅህ። ለምን?» ሸሚዜን አውልቄ ተቀመጥኩ። እናቴ ትከሻዬን በሞቀ ውሃ እየተኮሰች ታለቅስ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ በሽማግሌዎች ፊት ተቀመጥን። ከእነሱ ወገን ሦስት፣ ከእኛ ሦስት። ሰውየው ግራ ዓይኑ ላይ ፋሻ ነበረው፤ ሐኪሞቹ አያይበትም ብለዋል። የጋሼ ክንድ ገና በጀሶ ነው፣ ከንፈራቸው ተሰፍቶ ተጣሟል።

«መኪናዋን ለምን አሠራሃት?» ብለው ሽማግሌዎቹ ጠየቁት።

«ወንድሜ ለእናቴ ጥሎላት የሄደው ነገር እሷ ብቻ ናት። ተሽጣ እናቴ ትጦርባት ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ ሬዲዮ ከፍታ ነበር። ያን ሙሾ ስትሰማ የልጇ መስሏት ተነስታ አለቀሰች። እውነተኛ ለቅሶ መስሏት።»

ጋሼ በተሰፋው አፋቸው ቃላቱ እየተንሸራተቱባቸው ተናገሩ። «ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ወንድምህን የገደለችዋን መኪና፣ የዚያች የባቱዋ ልጅ ባል ይንዳት? የእሷስ ለቅሶ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ልክ ነዎት» አለ። እኔም ተነስቼ ጉልበቱን ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ። አነሳኝ፤ ግን አላቀፈኝም።

ፍርድ ቤቱ እርቁን ተመልክቶ ቅጣት አቀለለልን እንጂ አልማረንም። እሱ ለወራት ታሰረ፤ እኔ በገደብ ተለቀቅሁ። ሚኒባሷ ተቆራርጣ ለብረት ሄደች። ፕሮግራሙ ተዘጋ። ሌላ ጣቢያ ጋሼን ብቻቸውን ሊቀጥራቸው ጠይቋቸው ነበር፤ «በዚህ አፌ የምለው ካልተሰማ ምን አደርጋለሁ» ብለው እምቢ አሉ። አሁን ጠዋት ጠዋት ወንበር አውጥተው በራፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። መኪና የሚገዛ ሰው አሁንም እስከ ደጃቸው ድረስ እየነዳ ያመጣላቸዋል።

እኔ ሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ ጉዳይ ከሚያስፈጽም ትራንዚተር ቢሮ ገባሁ። ከኮንቴይነር የሚወጣ መኪና ወረቀት አመላልሳለሁ። ሰው ሲስቅ እሰማለሁ፤ እኔ ራሴ ግን ሰው ለማሳቅ አፌን ስከፍት ያ የቅጂው ድምፅ ይመጣብኛል።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ባቱ ሄጄ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ገባሁ። ያ የመታሁት ሰውዬ ጥግ ላይ ብቻውን እየበላ ነበር። ልመለስ ስል በደህናው ዓይኑ አየኝ፣ በእጁ ወንበር አሳየኝ። ተቀመጥኩ። ስለ እናቱ ጠየቅሁት፤ ደህና ናት አለ። ስለ ጋሼ ጠየቀኝ። ከዚያ እሾህ እየለቀመ፣ ቀና ሳይል፦

«አንድ ነገር ንገረኝ፤ አትዋሸኝ። ከወደቅኩ በኋላ ስትመታኝ ምን እያሰብክ ነበር?»

ለፖሊሱ፣ ለአባቴ፣ ለሽማግሌዎቹ ያልነገርኩትን ነገርኩት። «ምንም። ደስ እያለኝ ነበር።»

እጁ ቆመ። የተሰበረው ጣቱ ጠሞ ነው የቀረው፤ ሳህኑ ላይ እንዳለ ለአፍታ አየሁት። ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሳም። አስተናጋጁን ጠርቶ «ለዚህም ሰው አንድ ዓሣ ጨምርልን» አለው።